ክርክር፦ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች መረጃ ለሁሉም በነጻ ይለቀቅ?

አወያይ፦ በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት እጅ ያለው የየጣቢያው ዕለታዊ የዝናብና የሙቀት መዝገብ በደብዳቤ እየተጠየቀ መሰጠቱ ይቀጥል? ወይስ ማንም አውርዶ ለንግድም ጭምር እንዲጠቀምበት በድረ ገጽ ይቀመጥ? ቁጥርና አሠራር እንጂ መፈክር አታምጡብን።

የመድን ስሌት፦ ይለቀቅ። በዝናብ ጠቋሚ የሚከፈል (ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ካሳ የሚሰጥ) የሰብል መድን ዋጋው የሚወጣው ከታሪክ ነው። ድርቅ በ5 ዓመት አንዴ የሚመጣ ከሆነና ካሳው 1,000 ብር ከሆነ ንጹሕ ዋጋው 200 ብር ነው። የ10 ዓመት መዝገብ ብቻ ካለህ አንዲት ተጨማሪ ድርቅ ዋጋውን ወደ 300 ታወጣዋለች። የ30 ዓመት ካለህ ግን ያቺው ድርቅ 233 ላይ ታቆመዋለች። ድርጅቱ ስላላወቀው ነገር የሚጨምረውን ክፍያ የሚሸከመው ገበሬው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ትግራይ አዲ ሓ ላይ 200 ያህል ቤተሰቦችን ይዞ የተጀመረው መድን በሳተላይት ላይ የተደገፈው በአካባቢው ረጅም የጣቢያ መዝገብ ስላልነበረ ነው።

የበጀት ሰው፦ እህቴ፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ የረሳሽው መለኪያው አጠገብ የሚቆመውን ሰው ነው። ዝናብ ብቻ የሚለካ 4ኛ ደረጃ ጣቢያ እንኳ በየጠዋቱ የሚያነብ ሰው፣ ቅጽ፣ የሚሰበር መስፈሪያ፣ ለክትትል የሚሄድ መኪና አለው። ከመረጃ ሽያጭ የምትገኘው ትንሽ ገቢ ስትቋረጥ መጀመሪያ የሚቀረው የመስክ ክትትሉ ነው። ከዚያ የውጭ ኩባንያ በነጻ ወስዶ ትንበያ አድርጎ መልሶ ይሸጥልናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ኮድ ጸሐፊ፦ የበጀት ሰው፣ ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ በላንድሳት የሳተላይት ምስሎች ላይ ተካሂዶ አልቋል። አንድ ምስል 600 ዶላር በነበረበት ጊዜ ከፍተኛው የዓመት ሽያጭ በ2001 እ.ኤ.አ. 25,000 ገደማ ነበር። በ2008 መጨረሻ ነጻ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ተጠቃሚዎች ከሚሊዮን በላይ ምስል አወረዱ። ገዢዎቹ ቀድሞም ጥቂት ነበሩ፤ ዋጋው ያገደው ሌላውን ሁሉ ነው። የኖርዌይ ሚቲዎሮሎጂም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንበያውንም መረጃውንም በነጻ ይሰጣል። መሸጥ የፈለገ አገልግሎቱን ይሽጥ፦ ለግድብ ተቋራጭ የተለየ ትንበያ፣ ለአየር መንገድ የበረራ ሪፖርት።

የበጀት ሰው፦ የኖርዌይን በጀት ስጠኝና እኔም ከነገ ጀምሮ በነጻ እሰጣለሁ።

ጥራት መርማሪ፦ ሁለታችሁም አጥር ላይ ትከራከራላችሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን አላያችሁም። ጥሬ መዝገብ እንዳለ ቢለቀቅ ምን እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቦታው። በድሮ መዝገብ 10.30 ተብሎ የተጻፈ ኬክሮስ ብዙ ጊዜ 10 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ 10.30 ዲግሪ ብሎ ካነበበው ጣቢያው 22 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሰደዳል። ጎጃም ውስጥ 22 ኪሎ ሜትር ከደጋው አውጥቶ ዓባይ በረሃ ሊጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ዝናብ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በዛሬ ቀን የተመዘገበው ውሃ አብዛኛው የወረደው ትናንት ከሰዓትና ሌሊት ነው። የሳተላይቱ ቀን ግን የሚቆጠረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ሳያንሸራትት ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው «ሳተላይቱ አይረባም» ብሎ ይደመድማል። ሦስተኛ፣ ያልተለካ ቀን አንዱ ጋ -99.9፣ ሌላው ጋ 9999፣ ሌላው ጋ ባዶ ነው። ባዶውን ዜሮ አድርጎ የደመረ ሰው ድርቅ ይፈጥራል፤ ያንን ድርቅ ደግሞ የመድን ስሌት ካሳ ትከፍልበታለች። «የወሩ ሦስተኛ አስር ቀን» የሚባለው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ብቻ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ።

የመድን ስሌት፦ እከፍልበታለሁ፤ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ብዙ ዓይን ሲያየው ነው።

ካርታ ወዳድ፦ መፍትሔውማ አለ እኮ። እነ ዶ/ር ቱፋ ዲንኩ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩት ኢናክትስ የጣቢያውን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ አገሩን በ4 ኪሎ ሜትር መረብ ይሸፍናል፤ ጥሬው መዝገብ ከተቋሙ ሳይወጣ ውጤቱ በካርታ ይታያል። ለምን አይበቃም?

የመንገድ መሐንዲስ፦ ለወቅት ትንተና ይበቃል፤ ለኔ አይበቃም። የመንገድ ቱቦ የሚሰላው በዓመቱ ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ ነው። መረቡ አማካይ ስለሚወስድ ጫፉን ይቆርጠዋል። በአንድ ነጥብ ላይ 90 ሚሊ ሜትር የወረደበት ቀን በመረቡ ላይ አንሶ ይታያል፤ ቱቦውም በዚያው ልክ ይጠብና በ3ኛው ክረምት መንገዱ ይሄዳል። ደግሞ ካርታ ማየትና ፋይል ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጠንቃቃ፦ የዓባይ ተፋሰስ ጉዳይስ? የዝናባችንን ዝርዝር ለታችኛው ተፋሰስ አገሮች በእጃችን መስጠት አይሆንም?

ኮድ ጸሐፊ፦ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የተፋሰሱን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያሳየው ቺርፕስ የተባለ የዝናብ መረጃ ለካይሮም ለአዲስ አበባም በነጻ ክፍት ነው። የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሴንቲኔል-2 ሳተላይት በ10 ሜትር ጥራት ያነሳውን ምስል ዓለም ሁሉ ተከታትሏል። የተዘጋው ለኛው ነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። የወንዝ ፍሰት መዝገብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚይዘውም የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። እሱን እዚህ አንቀላቅለው።

ጠንቃቃ፦ የወንዝ ፍሰቱ ከዚህ ውጭ ከሆነ ዝናቡ ላይ አልከራከርም።

የሕግ ሰው፦ አዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ግን ሕጉ የሚያስበው አንድ ጠያቂና አንድ መልስ ነው። መተግበሪያ የሚሠራ ልጅ የሚፈልገው በየቀኑ በዚያው አድራሻ የሚታደስ ፋይልና «ለንግድም መጠቀም ይቻላል» የሚል የፈቃድ ጽሑፍ ነው። ፈቃድ ያልተጻፈበት ነጻ ፋይል ባለሀብት አይነካውም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የሚጨነቅ ካለ ደግሞ፣ ዝናብ የግል መረጃ አይደለም። ሆኖም በጣቢያ መዝገብ ላይ የመለኪያው አንባቢ ስምና ስልክ ሊኖር ስለሚችል ከመለቀቁ በፊት ይነሣ። ኮድ ማልበስ ብቻ አይበቃም። ኒውዮርክ በ2014 እ.ኤ.አ. የ173 ሚሊዮን የታክሲ ጉዞ መረጃ ስትሰጥ ታርጋውን በስሌት ሸፍና ነበር፤ የታርጋ ዓይነቱ ውስን ስለሆነ በሰዓታት ተፈታ።

ጥራት መርማሪ፦ እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ። ሪፖርታቸው ቀድሞም በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መረብ ወደ ውጭ ከሚወጣ ዋና ጣቢያዎች ይጀመር። ቦታቸው በመስክ በጂፒኤስ ይረጋገጥ፤ ጣቢያው የተዛወረበት ቀን ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ተፈትሿል»፣ «ያጠራጥራል»፣ «አልተለካም» የሚል ምልክት ይግባ። የተጠረጠረው አይሰረዝ፤ የ90 ሚሊ ሜትሩ ቀን እውነት ሊሆን ይችላል። 30 ቀን ዘግይቶ በሲኤስቪ (በተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ይውጣ፣ ሲታረም የድሮው ቅጂ አይጥፋ።

የበጀት ሰው፦ የ30 ቀን መዘግየቱን እቀበላለሁ፤ ትኩሱን መረጃ ለከፋይ መሸጥ ስለሚያስችል። ግን ምልክቱን በየቁጥሩ ጎን የሚያስገባው ማነው? ለአንድ ጣቢያ 30 ዓመት ማለት ከ10,900 በላይ ዕለታዊ ንባብ ነው፤ ያውም ዝናቡ ብቻ።

ኮድ ጸሐፊ፦ ማሽኑ የማይሆነውን ይለያል፦ ከዝቅተኛው ሙቀት ያነሰ ከፍተኛ ሙቀት፣ ለሳምንት የተደገመ አንድ ቁጥር፣ በነሐሴ ወር ሙሉ ዜሮ።

ጥራት መርማሪ፦ ይለያል እንጂ አይፈርድም። ሙሉ ዜሮ የሆነው ነሐሴ እውነተኛ ድርቅ ይሁን አንባቢው የታመመበት ወር፣ የወረቀቱን ቅጽ አውጥቶ የሚያይ ሰው ነው የሚያውቀው።

የበጀት ሰው፦ የኔም ጥያቄ ስለዚያ ሰው ደመወዝ ነው።