ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፣ ብሬን የት ላይ ላውጣ?

የሰሚት_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን ስጠቀም የነበረው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አሁን ጂቲኤ 5 ስከፍትበት እንደ ጀነሬተር ይጮህና ድርግም ይላል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ልገጣጥም ወስኛለሁ። ቪዲዮ ብዙ አይቻለሁ፣ ግን ብሎን ፈትቼ አላውቅም።

ጨዋታዬ ከባድ አይደለም። ማታ ከሥራ ስገባ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ። ኢኤ ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ በቃ። 4ኬ ምናምን አላስብም። 1080 ላይ ሳይንቀራፈፍ ከሄደልኝ ይበቃኛል።

ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ አለኝ። ለቀረው 90 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ይህን ለማጠራቀም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፣ ተሳስቼ ማባከን አልችልም። የአክስቴ ልጅ ለገና ከዲሲ ትመጣለች፤ «ትንንሽ ዕቃ ከሆነ ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ አለ» ብላኛለች።

እና ጥያቄዬ፦ አብዛኛውን ብር ግራፊክስ ካርድ ላይ ላውጣው? አንድ ሱቅ ያገለገለ አርኤክስ 580 በርካሽ አሳይተውኛል፣ ልግዛው? ከአሜሪካ ምን ላስመጣ፣ እዚህ ምን ልግዛ? እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል።

ብሎን_ፈቺ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ 580ውን ተወው። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ካርድ ነው። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲቆፈርባቸው የከረሙ ናቸው፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ ኖረው ነው ታጥበው የሚሸጡት። ላዩ ላይ 2048ኤስፒ የሚል ካየህ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ 570 ነው። ለብቻው 185 ዋት ይበላል።

እኔ ብሆን ለጊዜው ጭራሽ ካርድ አልገዛም። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር እገዛለሁ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ጂ ትልቅ ትርጉም አላት፣ ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። 5600 ወይም 5600ኤክስ ብትገዛ ካርድ እስክታስገባ ድረስ ስክሪኑ ምንም አያሳይህም። ኢንቴልም ላይ እንደ 12100ኤፍ መጨረሻው ኤፍ ከሆነ ያው ነው። ይህን ሳያዩ ገዝተው «ተበላሽቷል» ብለው የሚያመጡልኝ ልጆች አሉ። ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ግራፊክስ የለውም እንጂ።

5600ጂ 6 ኮር ነው፣ 65 ዋት። ጂቲኤ 5ንና ካውንተር ስትራይክን 1080 ላይ ሴቲንጉን ዝቅ አድርገህ ትጫወታለህ። ኤፍሲ ከበድ ይላል፣ ሪዞሉሽኑን መቀነስ ሊኖርብህ ይችላል። ከዓመት በኋላ ብር ስታገኝ ባለ 8 ጊጋውን አርኤክስ 6600 ትጨምርበታለህ። እሱ 132 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ዛሬ ባለ 550 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ሁሉ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከገዛህ ያን ጊዜ የምትቀይረው ነገር አይኖርም።

ራም ላይ ግን እንዳትሳሳት። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ግዛ፣ አንድ ባለ 16 አይደለም። የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው። በአንድ ራም አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ በሁለት ሲሆን ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፣ ልዩነቱን ጨዋታ ውስጥ በዓይንህ ታየዋለህ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብራው። አለዚያ 3200 ብለህ የገዛኸው ራም በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሮጠው፣ ማንም አይነግርህም።

ሚጡ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሰላም ወንድም። ለወንድሜ ዕቃ በሻንጣ ሳመላልስ ሦስተኛ ዓመቴ ስለሆነ ይህን ልንገርህ። ከዚህ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን (ፋይልና ጨዋታ የሚቀመጥበትን) አስመጣ። ሦስቱም ተደምረው አንድ ኪሎ አይሞሉም። ማዘርቦርዱንም ቦታ ካላት ትያዝልህ። ኬዝና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ግን በፍጹም፣ ያንን ሁሉ ክብደት ከዚህ ማጓጓዝ ኪሳራ ነው፣ ዩፒኤሱ ደግሞ ባትሪ አለበት።

የአክስትህ ልጅ አንድ ነገር ትወቅ። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት የሚገባ ፕሮሰሰር፣ 5600ጂም ከእነሱ ነው፣ እግሮቹ እራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ሲገዙት የሚመጣበትን የፕላስቲክ ማቀፊያ አትጣለው፣ እንደታሸገ በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው። ደረሰኙንም አብራ ትያዝ፣ ጉምሩክ ላይ ቢጠይቋት የምታሳየው ይኖራታል። ጊዜ ካላት ደግሞ ሳትነሳ በፊት ቢሞከር ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

አንዴ የደረሰብኝን ልንገርህ። ለወንድሜ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ይዤለት ሄድኩ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነበረው፣ እዚህ አገር ቤቱ 120 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ነበር። ሁለታችንም አላየነውም። 220 ላይ ሲሰካው እንደ ርችት ጮኸ፣ ቤቱ በጭስ ሞላ። ወንድሜ ለሰዓታት አላወራኝም ነበር። ጥሩዎቹ ከ100 እስከ 240 ብለው ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ቀይ ማብሪያ ካየህ ግን መጀመሪያ 230 ላይ አድርግ።

ቄራ_ጌመር፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ለእነዚህ ጨዋታዎች ለምን ያን ያህል ታወጣለህ? ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ግዛ፣ ዴል ወይም ኤችፒ፣ ኮር አይ 5 ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ትውልድ። ጂቲኤክስ 1650 ጨምርበት፣ 75 ዋት ስለሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ዓይነት አለ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ እየተጫወትኩ ነው። ከተረፈህ ብር ጥሩ ወንበር ትገዛለህ፣ ወገብህ ያመሰግንሃል።

ብሎን_ፈቺ፦

ቄራ፣ ያልከው እውነት አለው። በ40 ሺህ የሚገባ ሰው ቢሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። እሱ ግን በእጄ ልገጣጥም፣ በኋላም ላሳድገው ነው ያለው። የብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ የራሳቸው ቅርጽና የራሳቸው ሶኬት አላቸው፣ ነገ ሌላ ልቀይርበት ቢል አይገባለትም። ቀጭኗ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባው።

ከኤኤም4 ቀጥሎ የመጣውን ሶኬት፣ ኤኤም5ን ግዛ የሚሉህም አይጠፉም። አዲስ ነው፣ ወደፊትም ይሄዳል። ግን ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ራም ደግሞ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ገበያ ተወዷል፤ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ቅድሚያ ስለሰጡ። ኤኤም4 የሚጠቀምበት ዲዲአር4ም ጨምሯል፣ ግን ያገለገለውን እዚህ ማግኘት ይቻላል። ራም ያገለገለ ቢሆን አልፈራም፣ ሞክረህ ከሠራ ይሠራል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

መብራቱን በተመለከተ። ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ተቆራርጦ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀለው፣ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ተራ ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፣ ቀዳዳ ነው የሚያበዛልህ። ዩፒኤስ ስትገዛ ቪኤ የሚለውን ቁጥር አትመን፣ ዋቱን ጠይቅ። 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው። ለአንተ ማሽን ይበቃል። ሥራው ጨዋታ ማስቀጠል አይደለም፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሴቭ አድርገህ እንድትዘጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ በቪዲዮዎቹ ላይ አትሰማውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከጠረፍ አገር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ያው ማራገቢያ እዚህ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ደግነቱ አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ፊቱ በመስታወት የታሸገ ኬዝ አትግዛ፣ ወንፊት ያለውን ምረጥ፣ ከፊት አንድ ማራገቢያ ጨምር። አቧራውን በየሁለት ወሩ አውጣ።

የሰሚት_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። ሚጡ፣ እህቴ፣ ያልሽውን ለአክስቴ ልጅ ቃል በቃል ልኬላታለሁ። 5600ጂ፣ ሁለት ባለ 8 ራም እና 1 ቴራ ኤስኤስዲ ከእሷ፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ ከዚህ። ቄራ፣ ወንበሩንም አስቤበታለሁ፣ ከተረፈ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ቢ550ውን ስገዛ ምን ልጠይቅ? ስገጥምስ ሰው በብዛት የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ብሎን_ፈቺ፦

ቢ550 በ2020 ነው የወጣው፣ 5600ጂ ደግሞ በ2021። ሱቅ ላይ የቆየ ከሆነ ባዮሱ ፕሮሰሰርህን ላያውቀው ይችላል። ካርቶኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ የሚል ጽሑፍ ፈልግ፣ ከሌለው እዚያው ባዮሱን እንዲያድሱልህ ጠይቅ። ፓወር ሰፕላዩን ከመግዛትህ በፊት በእጅህ መዝነው። ባዶ ሳጥን የሚመስል ቀላል ከሆነ ላዩ ላይ 600 ቢጻፍም አትውሰደው።

ስትገጥም መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ አታስገባ። ማዘርቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጥና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ማቀዝቀዣውን እዚያ ግጠም። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ጋር አዛምደህ ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ በራሱ ይገባል። እንዳትጫነው። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ሌላ አትጨምር።

በብዛት የሚረሳው ከላይ በግራ ጥግ የምትሰካው ባለ 8 እግር የፕሮሰሰር ገመድ ናት። ትልቁን ባለ 24ቱን ይሰኩና ማራገቢያው ሲዞር ሁሉም ያለቀ ይመስላቸዋል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እሷን ከሰካህ፣ ራሞቹን አንዱን ቀዳዳ ዘለህ በሁለተኛውና በአራተኛው ካስገባህ በኋላ አብራ። መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጥቁር ሆኖ ቢቆይ አትደንግጥ፣ ራሙን እየፈተሸ ነው። ለአሁኑ ኤችዲኤምአዩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካው፤ 6600ውን የገዛህ ቀን ወደ ካርዱ ማዛወር እንዳትረሳ።