ዓይነ ስውሩ ባልደረባችን ሥራ አይሰጠውም፤ ነገሩ የኛ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ?

አድሚን፦ የዛሬውን ክርክር ያመጣችው አንዲት አባላችን ናት፤ በውስጥ መስመር ነው የጻፈችልኝ። መሥሪያ ቤቷ አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ቀጥሯል። ልጁ ተፈትኖ፣ ተወዳድሮ ነው የገባው። ወራት አለፉ፣ እስካሁን ፋይል አልተሰጠውም። ጠዋት ይገባል፣ ሻይ ይጋበዛል፣ ማታ ይሄዳል። ደሞዙ አይቀርበትም። እሷ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «እኔ አለቃ አይደለሁም። ጎኑ የምቀመጥ ተራ ሠራተኛ ነኝ። ያገባኛል?» ሐሳባችሁን ወርውሩ። የተሳደበ ይወጣል።

ሒሳብ ክፍል፦ በግልጽ ልናገር፣ አያገባትም። ክፋት አይደለም። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ደሞዝ የምንሠራ ሰዎች ነን። ሰነድ ስታነብለት፣ ስታመላልሰው ብትውል የሷን ሥራ ማን ይሠራል? መሥሪያ ቤቱ የአካቶ ትግበራ የሚባል ክፍል አለው አይደል? ኅዳር 24 በደረሰ ቁጥር የአካል ጉዳተኞች ቀን ብሎ ቲሸርት አሳትሞ ፎቶ ይነሳል። እሱ ይሥራበት።

ሰኞ ጠዋት፦ ቲሸርቱ ላይ እስማማለሁ። ግን ልጁ ዛሬ ነው ቁጭ ያለው። ክፍሉ እስኪነቃ ድረስ ምን ያድርግ? እኔ ብሆን ምሳ ሰዓት ላይም ቢሆን አነብለት ነበር። ሰው አይደለን እንዴ!

ነገረ ፈጅ፦ ልጄ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ሕጉን ግን አስተውይ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ ሁኔታውን የማመቻቸት ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ሥራውን ለመሥራት ረዳት ካስፈለገው፣ ረዳቱን የሚመድበው አሠሪው ነው። አንቺ በየቀኑ ምሳሽን ትተሽ ስታነቢለት የአሠሪውን ዕዳ ከኪስሽ እየከፈልሽ ነው። አለቃውም «ይኸው ተባብረው እየሠሩ ነው፣ ምን ችግር አለ?» ይላል። ነገ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ስትወጪስ? ልጁ ወደ ሻዩ ይመለሳል።

ሰኞ ጠዋት፦ ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚሉት አዋጁ ከ2000 ጀምሮ አለ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ረዳት ተመድቦለት ያዩት ስንት ሰው ነው?

ነገረ ፈጅ፦ እሱን ተይው።

ጆሮ አንባቢ፦ ስለኔ ዓይነት ሰው እያወራችሁ ስለሆነ ልግባ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ለምን ሁላችሁም «ማንበብ» እና «ማመላለስ» ላይ ቆማችሁ? ኮሪደሩን ከናንተ በላይ አውቀዋለሁ። የማነበውም ራሴ ነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም አለ። ነፃ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል። አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ ትንሽ የሮቦት ቢሆንም ለምጄዋለሁ።

ሥራዬን የሚያስቆመው ሌላ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። ለናንተ ደብዳቤ ነው። ለኔ ፕሮግራም ፎቶ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አያነብም። ባዶ ገጽ ነው የሚለኝ። ሌላው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ነው። ለዓይን አማርኛ ይመስላል። ከሥር ያለው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ጆሮዬ ላይ ቅዠት ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ያቺ እህታችን ምሳዋን ትብላ። ስካኑን ስትልክ ዎርዱንም፣ ማለት ደብዳቤው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈበትን ፋይል፣ አብራ ትላክ። ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ ከሆነች ዎርዱ እጇ ላይ ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልግም።

ሒሳብ ክፍል፦ ይሄን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ዎርዱን መላክ አያቅተንም። ግን ሁሉም ሰው የሚሸሸውን ጥያቄ ልጠይቅህ። ብትሳሳት ማን ያርምሃል? እኛ ጋ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሲሳሳት ሁሉም ዝም ነው የሚለው። ነውር ይመስላል። የስድስት ወር ምዘና ሲመጣ ደግሞ ለጽድቅ ተብሎ ጥሩ ነጥብ ይሞላለታል። ይሄ ፍትሕ ነው?

ጆሮ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ ምዘናው ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ሥራ ሳይሰጡኝ 90 ከሞሉልኝ፣ ሰው አልቆጠሩኝም ማለት ነው። እንደ ሌላው ፋይል ስጡኝ። ስሳሳት እንደ ሌላው ንገሩኝ፣ አስፈላጊ ከሆነ ተቆጡኝ። ከዚያ 60 ባገኝ የራሴ 60 ነው። የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ጠበቃ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው በሥራዋ ነው። ፋይል ተከልክላ ሻይ ብቻ ብትጋበዝ ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?

አድሚን፦ (በነገራችን ላይ «ለጽድቅ» የምትለዋን ቃል እዚህ ግሩፕ ላይ መቁጠር አቁሜያለሁ።)

ባለ ጎማዋ፦ እኔ የዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ስብሰባችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ሲፈልግ ይሠራል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ወረቀቱ ላይ አለ። ወንዶቹ «ተሸክመን እናውጣሽ» ይላሉ። ቀሚስ ለብሼ አራት ወንድ ደረጃ ላይ ሲያንጠለጥለኝ አስቡት! አመሰግናለሁ፣ አይሆንም። አንዲት ባልደረባዬ ግን ቀድማ ጠየቀችኝ፣ «ስብሰባው ምድር ቤት ይሁን ብዬ ላንሳው ወይስ አንቺ ታነሺዋለሽ?» አንሺው አልኳት፣ ተነሳ፣ ወረደ።

ሌላ ደግሞ ሳይጠይቀኝ በስሜ አቤቱታ ጽፎ ለሰው ሀብት ያስገባ አለ። ያላልኩትን ሁሉ አስብሎኛል። ከአለቃዬ ጋር ያጣላኝ እሱ ነው። ስለዚህ ያገባታል ወይ ለሚለው መልሴ፦ ልጁን ጠይቃዋለች? እዚህ ስንት ሰው ጻፈ፣ ይሄን የጠየቀ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ብዝኃነትና አካታችነት የሚባለው ራሱን የቻለ ቢሮና ሥልጠና ነበረው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የነበረውን በትእዛዝ ዘጋው። ከግል ኩባንያዎችም የተከተሉ አሉ። እኔ የምሠራበትም ዘጋ። እውነቱን ለመናገር ሥልጠናው ቪዲዮ ከፍቶ «ቀጥል» የሚለውን መጫን ነበር፣ ብዙም አልናፈቀኝም። እ.ኤ.አ. የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ግን አልተሻረም። መስማት የተሳነው ባልደረባችን ዛሬም በሕጉ መሠረት አስተርጓሚ ይጠይቃል። እኛም ስብሰባ ላይ ተራ ጠብቀን፣ ፊታችንን ወደሱ አዙረን እንናገራለን። ቢሮው ሲዘጋ ይሄኛው አልተዘጋም። እኔ ከነገረ ፈጅም ከሰኞ ጠዋትም ጋር ነኝ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል።

ነገረ ፈጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ባነሳሁት አዋጅ ቁጥር 568፣ አካል ጉዳተኛው በቅጥር፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በሌላ የሥራ ሁኔታ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሥልጣን ላለው አካል ካመለከተ፣ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማሳየት ያለበት አሠሪው ነው። ልጁ ይሄን ማወቁን አጣሩ። ከጎኑ ያየ ሰው «አዎ፣ ፋይል አይሰጠውም» ቢል ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል።

ሒሳብ ክፍል፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሸክሙ የሚዞረው ለሱ ነው። «አዎ» ያለችዋ ልጅስ? በሚቀጥለው ወር «ለሥራው መቃናት ሲባል» ብለው ሩቅ ቅርንጫፍ ያዛውሯታል። ኪራይ፣ ታክሲ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። በሰው ጉሮሮ ጀግና መሆን ቀላል ነው።

ነገረ ፈጅ፦ እውነት ነው። ያ አዋጅ ለሷ ያን ያህል ከለላ አይሰጣትም። ለዚህ ነው ውሳኔው የራሷ ነው የምለው።

አድሚን፦ ጠያቂያችን ክርክሩን እያነበበች ነበር። ይሄን ላከች፦ «ባለ ጎማዋ እንዳለችው ጠየቅኩት። ዎርዱን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል አለ። ምስክር አልፈልግም፣ ሥራ ይሰጠኝ የሚለውን ደብዳቤ ራሴ ጽፌያለሁ አለኝ። ለአለቃችን ሁለት ጊዜ በቃል ተናግሮ ነበር፣ እንዳልሰማ ሆነዋል። አሁን በጽሑፍ ሲያስገባ አብሬው እንድሄድ ብቻ ነው የፈለገው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

ሒሳብ ክፍል፦ ከሄዳችሁ አይቀር፣ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እንዳትወጡ። በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡት። የገቢ ቁጥርና ቀን ቅጂው ላይ ይጻፍበት፣ ቅጂው እሱ ጋ ይቅር። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ይጠፋል፣ እኔ ነኝ የምነግራችሁ።