ክርክር፦ ለአንዱ ግድግዳ የቱ ዓመት ይሰቀል፣ 66 ወይስ 67?

አወያይ፦
እንደምን ዋላችሁ። ነገሩን ላልተከታተሉት ባጭሩ ልበል። ባሕር ዳር ላይ ለወጣቶች ንባብ ቤት «የአንድ አገር አንድ ዓመት» የሚል የቀን ሰሌዳ ሊሠራ ነው። ግድግዳው 7.50 ሜትር ነው። ለአንድ ቀን 2 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ ወሩ 60፣ ጳጉሜን ደግሞ 10 ሳንቲ ይወስዳል፤ ዓመቱ 7.30 ላይ ያልቃል። ሁለት ዓመት አይገባም። ሁላችንም «የ66ቱ አብዮት» እንላለን፣ ንጉሡ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የወረዱት ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። እንግዲህ የቱ ይሰቀል? ማስረጃና ቀን ይዛችሁ፣ በየሰፈራችሁ ወይም በየሙያችሁ ስም ግቡ።

ከሽምብጥ፦
66 ነው። ሕዝቡ ስሙን ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ዓመቱ የገባው የወሎን ረሃብ ይዞ ነው። መስከረም 26 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተጀመረ፣ ነዳጅ ተወደደ። ጥቅምት ላይ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሃቡን ለዓለም አሳየ። ጥር 4 የነገሌ ቦረና ጦር አመፀ። እዚህች ቀን ላይ ትንሽ ቆም በሉ፦ የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ ከመኮንኖቹ ውሃ ልቅዳ ቢል ተከለከለ፣ ምግቡም የሚቀመስ አልነበረም። ነገሩን እንዲያበርዱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ፣ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን፣ ወታደሮቹ አግተው ከዚያው ምግብ አበሏቸው፣ ከዚያው ውሃ አጠጧቸው። የዘመናት ዙፋን መነቃነቅ የጀመረው በተበላሸ ፓምፕ ነው!

ከዚያ በኋላ ያለው ጎርፍ ነው። የካቲት 11 መምህራኑ የትምህርት ዘርፍ ግምገማውን ተቃውመው፣ ታክሲ ነጂዎቹ ደግሞ በነዳጅ ዋጋ ሥራ አቆሙ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ የካቲት 21 እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ አድማ። ሚያዝያ 12 የሙስሊሞች የእኩልነት ሰልፍ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። ሐምሌ 15 እንዳልካቸው ተነሥተው ሚካኤል እምሩ ገቡ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውም መፈክር የዚያ ክረምት ነው። ሌላ ምን ቀረ?

ከግሽ ዓባይ፦
ጋሼ፣ የዘረዘሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የቀረው ዋናው ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳውን እያየ ጳጉሜን 5 ላይ ቢደርስ ምን ያገኛል? ንጉሡ አሁንም ቤተ መንግሥት ናቸው፣ ጭሰኛው አሁንም ጭሰኛ ነው፣ ዘውዱም አልተነካም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምክንያት ብቻ፣ ውጤት የሌለው ዓመት ልንሰቅል ነው ማለት ነው።

67ን እዩት። መስከረም 1 ማታ ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ስድሳዎቹ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተገደሉ። ታኅሣሥ 12 ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር የተላኩበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ታኅሣሥ 23 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ። መጋቢት 12 ዘውዱ ተሻረ። ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ነሐሴ 21 ንጉሡ ሞቱ። ከመውረዳቸው እስከ መሞታቸው በአንዲት የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ተጠቃሎ ገባ። እንዲህ ያለ ዓመት ሁለተኛ አይገኝም።

ከበላይ ዘለቀ፦
ለምን ራሳችንን እናስጨንቃለን? የፈረንጆቹን 1974 እንስቀል። ከነገሌ እስከ ዘመቻው፣ ፓምፑንም ስድሳዎቹንም ይይዛል። የውጭ መጻሕፍት ሁሉ «የ1974 አብዮት» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከግሽ ዓባይ፦
ወንድሜ፣ ሰሌዳው ታኅሣሥ 23 ላይ ይጀምር ልትል ነው? ጥርና ጳጉሜን በሚቆጥር አገር? ደግሞ ባንኩ የተወረሰው ጃንዋሪ 1 ቀን 1975 ስለሆነ በአንድ ቀን ከግድግዳህ ይወድቃል፤ የመሬት አዋጁማ ጭራሹን የለም።

ባሕረ ሐሳብ፦
ምርጫውን ለእናንተ ልተወውና አስቀድሜ ስሕተት ላርም። ትናንት በተለጠፈው ረቂቅ ላይ «ኅዳር 14 ቀን 1966» የሚል አይቻለሁ። ምንጩ ግልጽ ነው፦ ኖቬምበር 23 ቀን 1974ን ወስዳችሁ 8 ቀነሳችሁ። 8 የሚቀነሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 የሚቀነሰው 7 ነው። ስለዚህ 1967። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የዕለቱን ስም አብራችሁ ብትጽፉ እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ይጋለጣል።

ለማረጋገጥ፦ 1966 ላይ 5500 ደምሩ፣ ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመት) 7466 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1967 ላይ የሚተርፈው 3 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ። የዕለቱን ስም ደግሞ እንዲህ አግኙት፦ 7466 ላይ አራተኛውን እጅ፣ 1866ን፣ ጨምሩ፤ 9332 ነው። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 0 ሰኞ ስለሆነ 1 ማክሰኞ ነው። የ1967 መስከረም 1 ረቡዕ ይውላል፤ ንጉሡ የወረዱት ሐሙስ ነው ማለት ነው።

አሁን የሳንቲ ሜትሩን ነገር። ዘመነ ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን 6 ናት። 67ን የምትሰቅሉ ከሆነ 366 ቀን፣ 7.32 ሜትር ነው እንጂ 7.30 አይደለም። አንዷን ቀን ብትረሱ ለቀጣዩ ዓመት የምታዘጋጁት ሰሌዳ ሁሉ ይዛነፋል፤ የ1968 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው በዚህችው ጳጉሜን 6 ምክንያት ነው።

ከማተሚያ ቤት፦
እኔ በቁሱ በኩል ነው የምናገረው። ወር በወር 13 ሉህ ከታተመ 12 መጋጠሚያ አለው። በየመጋጠሚያው 2 ሚሊ ብትደራርቡ 24 ሚሊ ይጠፋል፤ ነሐሴ ላይ ስትደርሱ ከአንድ ቀን በላይ ተበልቷል። ስለዚህ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጣጠም፣ አይደራረብ። ወረቀቱንም ተዉት። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ክረምት ላይ ወረቀት ያኮማትራል፣ ጠርዙንም ይጠቀልላል። ባነር ይሁን።

ከዘጌ፦
ሁለታችሁም ከአዲስ አበባ መስኮት ነው የምታዩት። ሰሌዳው የሚሰቀለው ጣና ዳር ነው። በ66 ባሕር ዳር የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ እንኳ አልነበረችም፤ የጎጃም መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ከዓባይ ማዶ ደራና ፎገራ ደግሞ የበጌምድር ነበሩ። የዚህ አገር ገበሬ የራሱን አመፅ ያመፀው ቀድሞ ነው፣ በ1960፣ በእርሻ ገቢ ግብሩ።

የመሬት አዋጁም እዚህና ደቡብ አንድ አልነበረም። ደቡብ ላይ ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ተላቀቀ። እዚህ ርስት ነው፤ ጭሰኛ ብሎ ነገር ጥቂት ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ በርስት አገር ግን ገበሬው ያኔ ያርሰው የነበረውን እንደያዘ እንዲቀጥል አደረገ። በዘር ቆጥሮ ርስት መጠየቅ ግን ያኔ አበቃ። ይህ ለጎጃሜ ከቮልስዋገኑ ይበልጣል። ስለዚህ እኔ 67 ነኝ፣ ግን «የካቲት 25» በትልቅ ፊደል ትጻፍልኝ፤ «መሬት ላራሹ» ብቻ ተብላ አትለፍ፣ እዚህ ምን ማለት እንደነበረች ከሥሯ ይብራራ።

ከሽምብጥ፦
እንዲህ ከሆነ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከየካቲት እስከ የካቲት ይሁን። ከየካቲት 11 ቀን 1966 እስከ የካቲት 25 ቀን 1967።

ከማተሚያ ቤት፦
380 ቀን ነው፤ 7.60 ሜትር። በ10 ሳንቲ ይበልጣል። ቀኑን ወደ 1.95 ሳንቲ ካወረድነው 7.41 ይሆናል፣ ይገባል።

ከግሽ ዓባይ፦
ይገባል፣ ግን አንድ ዓመት አይደለም፤ ዓመት ከ15 ቀን ነው። ደግሞ ጋሼ፣ የሚወዱት ፓምፕ ጥር 4 ላይ ስለሆነ በዚህኛውም ይወጣል። የንጉሡም ሞት ይወጣል።

አወያይ፦
ድምፁ ወደ 67 አመዝኗል። 7.32 ሲቀነስ ከ7.50፣ 18 ሳንቲ ይተርፋል፤ ዘጠኝ ቀን ማለት ነው። ከመስከረም 1 በፊት አምስቱን የ66 ጳጉሜንና የነሐሴን የመጨረሻ አራት ቀን እናስገባበት። የ66 ጅራት ይታያል። ጋሼ፣ ይስማማሉ?

ከሽምብጥ፦
አንድ ዓመት ሙሉ በ18 ሳንቲ? ባነሩን ስቀሉት፤ ግን ፓምፑን የት ልታስቀምጡት ነው?

ከማተሚያ ቤት፦
ከታች ጠርዝ 20 ሳንቲ ባዶ አለ። ሥዕል ካለ ላኩልኝ።