ቢቲአር 60 ለደረቅ አገር ምን ያደርጋል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦ ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በኦጋዴን ጦርነት ሠራዊታችን ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ብረት ለበስ የወታደር ማጓጓዣ ተሽከርካሪ ቢቲአር 60 መታጠቁ ምን ጠቀመው?

መልስ (ሐረር)፦ ወንድሜ፣ መንሳፈፉ በዋናነት የታሰበው ለአውሮፓ ወንዞች ነው፤ በውኃ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለእኛ ቆላ የሚበጀው ግን ስምንቱም ጎማዎቹ በሞተር ኃይል መዞራቸውና ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን ንፋስ መቀነስ መቻሉ ነው፤ ጎማው ሲረግብ አሸዋውን በሰፊው ስለሚረግጥ በቀላሉ አይሰምጥም።

ሌላ መልስ፦ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁለቱ የቤንዚን ሞተሮች ከኋላ ስለተቀመጡ የኋላ በር የለውም። ወታደሩ ከላይና ከጎን ባሉት ጠባብ መውጫዎች ሲወርድ ለጥይት ይጋለጣል፤ ይህን እኔ ከባድ ጉድለት እለዋለሁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ጎኑስ ከባድ መትረየስ ይችላል?

ሌላ መልስ፦ አይችልም፤ የ12.7 ሚሊ ሜትር ጥይት ከቅርብ ይበሳዋል።