ከቤት የሚያወጣ ሰበብ

ጥያቄ
መንገደኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው የካቲት በአንድ ሐሙስ ጠዋት ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ልሄድ መኪናዬን ላስነሳ ብሞክር ባትሪው ፈጽሞ ሞቶ አገኘሁት። ያረጀ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም የባትሪ ገመድ ይዞ ሊረዳኝ የወረደው ጎረቤቴ «ለመጨረሻ ጊዜ ያስነሳኸው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። በኋላ ቆጥሬ ስደርስበት 17 ቀን ሆኖት ነበር። ይባስ ብሎ በአንድ ሕንፃና በአንድ ፎቅ ሦስት ዓመት አብረን ኖረን የጎረቤቴን ስም አላውቀውም።

እዚህ እንዴት እንደ ደረስኩ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስብ አንድም ቀን «ከሰው ልራቅ» ብዬ አልወሰንኩም። ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምሠራው ከቤቴ ነው። አስቤዛ በስልክ አዝዤ በሬ ላይ ይቀመጥልኛል፤ መድኃኒቴ በፖስታ ይመጣል፤ ባንክ ቤት ከረገጥኩ ዓመታት አልፈዋል። ቀድሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆርጂያ አቬኑ ካለ የሐበሻ ሱቅ ሄጄ እገዛው የነበረው እንጀራ እንኳ ዛሬ ከቲማቲሙና ከወተቱ ጋር አብሮ ይደርሰኛል። ቅዳሴውን በቀጥታ ስርጭት እከታተላለሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን እቁባችን ነው። አሥራ ሁለት ሆነን በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በየተራ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣ ከወጣ በኋላም ጨዋታው ሳያልቅ ይመሽብን ነበር። አሁን ሁሉም ድርሻውን በስልክ ይልካል፤ ዳኛው ደግሞ ዕጣው ሲወጣ በቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ይለጥፍልናል። ነገሩ በሙሉ አራት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው።

እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር፤ በበረዶ ላይ ከመንዳት፣ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከመዞርና ሰልፍ ከመቆም አድኖኛል። የሁሉም ድምር ግን ይኸው የመኪናዬ ባትሪ ነው። ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ጥፋቱ የምቾቱ ነው ወይስ የእኔ? ደግሞስ እንደ እኔ የኖራችሁ ሰዎች ወደ ውጭ ለመመለስ ያደረጋችሁት ነገር ካለ ምንድን ነው? «ከቤት ውጣ» የሚለውን ምክር ለራሴ ደጋግሜ ሰጥቼው አልሠራልኝም።


መልስ
የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪ፣ ሚኒያፖሊስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ነገሩ የእርስዎ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ልንገርዎ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ፓትሪክ ሻርኪ በ2024 ባሳተሙት ጥናት (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካውያን አዋቂዎች በቀን በአማካይ ቤታቸው ውስጥ የሚያሳልፉት ጊዜ ከ2003 እስከ 2022 ድረስ በ1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ እንደ ጨመረ አሳይተዋል። ጭማሪው ከወረርሽኙ በፊት የጀመረ ነው፤ ወረርሽኙ አፋጠነው እንጂ አልፈጠረውም። በወቅቱ የአገሪቱ ዋና የጤና ኃላፊ የነበሩት ቪቬክ መርቲም በግንቦት 2023 ስለ ብቸኝነት ባወጡት ማሳሰቢያ ሰዎች ከጓደኞቻቸው ጋር በአካል የሚያሳልፉት ጊዜ በ2003 በቀን 60 ደቂቃ ያህል የነበረው በ2020 ወደ 20 ደቂቃ መውረዱን ጠቅሰዋል። በእርግጥ 2020 በባሕርዩ የተለየ ዓመት መሆኑን ሳንረሳ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ ግን ቁጥሩ ብቻ መልስ አይሆንም። የጎደለብዎ የቅርብ ወዳጅ አይመስለኝም፤ የቅርብ ወዳጅዎን በስልክ ያገኙታል። የጎደለው የእንጀራ ቤቷ ባለቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚሳለሙት ሽማግሌ፣ በስም የማያውቁት የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ ምሁር እንዲህ ያለውን የላላ ትውውቅ ገና በ1973 አጥንተው፣ ሰው የሥራ ወሬ የሚያገኘው ከልብ ወዳጁ ይልቅ ብዙ ጊዜ አልፎ አልፎ ከሚያየው ሰው እንደ ሆነ አመልክተው ነበር። በ2014 ደግሞ ጂሊያን ሳንድስትሮምና ኤልዛቤት ደን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የቡና ቤት ደንበኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ከአስተናጋጁ ጋር ፈገግ ብለው ጥቂት እንዲጫወቱ፣ ግማሾቹ ደግሞ በተቻለ ፍጥነት ከፍለው እንዲወጡ አደረጉ። የተጫወቱት ሰዎች በተሻለ ስሜትና የሰው ወገን የመሆን መንፈስ አድሮባቸው ወጡ። እርስዎ ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ቆይተዋል ማለት ነው።

እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እሳት መጫር ነው። አያቴ ጠዋት እሳቷ ከጠፋ ገል ይዛ ጎረቤት ትሄድና ፍም ጭራ ትመለስ ነበር፤ ወንፊትም ትዋሳለች፣ እርሾም ትጠይቃለች። እሳቱ ሰበብ ነበር። ክብሪት በየቤቱ ሲገባ እሳት መጫር ቀረ፤ ጉርብትናው ግን አልቀረም፤ ምክንያቱም ወንፊቱና እርሾው ገና ነበሩ። የዛሬውን ምቾት ከክብሪት የሚለየው አንዱን ሰበብ ወስዶ ሌላውን የሚተውልን አለመሆኑ ነው፤ ገበያውን፣ ባንኩን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ቢሮውንና ቅዳሴውን በአንድ ጊዜ ወደ ቤት አስገባ። የእኛ ሰው ደግሞ ያለ ሰበብ የሰው በር ማንኳኳት ይከብደዋል፤ «ምን ሆነህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ «ውጣ» የሚለው ምክር ያልሠራልዎት ሰበብ ስላልያዘ ይመስለኛል።


መልስ
እማማ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ጽሑፍህን ልጄ አነበበችልኝ፤ መልሴንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። በቅድሚያ ከላይ ያለው ተማሪ ስለ እሳት መጫር የጻፈውን በፍቅር ሰማሁት፤ ነገር ግን ፍሙን በጠዋት ብርድ ያመጣው፣ ውኃውንም በእንስራ የቀዳው ማን እንደ ሆነ ይታወቅልኝ። ሰበቡ የሁላችንም ቢሆን ድካሙ የሴቶች ነበር። እኔ የመብራትና የውኃ ሂሳብ ለመክፈል ጠዋት ወጥቼ ለምሳ የተመለስኩባቸውን ቀኖች አልናፍቃቸውም። በሰልፉ ላይ ሰው ይጫወታል ብሎ የሚያወራ ሰው እግሩ አብጦ አያውቅም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ልጄ ወንበሯ ላይ ሆና ትከፍልልኛለች፤ እሰየው ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ አንተ ያልከውም እውነት መሆኑን አልክድም። እኛ ያለንበት ሕንፃ አራት ፎቅ ሆኖ አሳንሰር የለውም፤ ዱሮ ሽንኩርት ሲያልቅብኝ ስወርድ ደረጃው ላይ ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር ሳልነጋገር አልመለስም ነበር። አሁን ወጣቶቹ ምግብ ያዝዛሉ፤ ሞተረኛው ከታች ይደውላል፤ አንዱ ሮጦ ወርዶ ፌስታሉን ይቀበልና ተመልሶ ይዘጋል። በግቢያችን ለድግስና ለለቅሶ ተብሎ የተሠራው ኮሙናል ቤት ለወራት ተቆልፎ የሚቆይበት ጊዜ አለ።

አንድ ያልተነካ ነገር ግን አለን፤ እሱም እድሩ ነው። የእድራችን መዋጮ ዛሬ በስልክ ይገባል፤ ማንም አይከለክልህም። ለቅሶ ካልደረስክና ቀብር ካልተገኘህ ግን ትቀጣለህ፤ ስምህ ይጠራል፣ ጸሐፊው ይመዘግብሃል። አባቶች ይህን ሕግ ያወጡት ሰው በገንዘብ ብቻ እንደሚሸሽ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። እንግዲህ የአንተን እቁብ የገደለው ስልኩ ሳይሆን ቅጣት አለመኖሩ ነው። ለዳኛችሁ ንገረው፦ ገንዘቡን በፈለገው መንገድ ይላክ፤ በአካል ላልተገኘ ሰው ግን ዕጣ አይውጣለት።


መልስ
ስደተኛው፣ ኔዘርላንድ

እኔ በምኖርበት አገር ጁምቦ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት በ2019 ፍላይመን በምትባል ከተማ ካሉት መክፈያዎች አንዱን ለማይቸኩሉ ሰዎች መድቦ ነበር፤ ደንበኛው ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር እስኪበቃው እያወራ ይከፍላል፤ ከኋላው የቆመውም አይቆጣም። ሐሳቡ በተለይ ለብቸኛ አረጋውያን የታሰበ ሲሆን በ2021 ድርጅቱ ቁጥሩን ወደ 200 እንደሚያሳድግ አስታወቀ። ስሙን «ክሌትስካሳ» ይሉታል፤ «ክሌትስ» ወሬ፣ «ካሳ» ደግሞ መክፈያ ማለት ነው። እኔ ግን በአማርኛ ጆሮዬ ስሰማው የወሬ ካሳ ይመስለኛል፤ ለተወሰደብን ጨዋታ የሚከፈል ካሳ።


መልስ
የበረዶ አገር ሰው፣ ቶሮንቶ

ሁላችሁም ስልኩን ትከስሳላችሁ፤ እኔ የምከስሰው ክረምቱን ነው። ጠያቂው ባትሪው የሞተበትን ወር ልብ በሉ። እኔ በየዓመቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት እጠፋለሁ፤ በግንቦት ከመናፈሻ አልጠፋም። የሚታሰብበት ነገር ቢኖር ፀሐዩ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለማምረት ከነጭ ቆዳ የበለጠ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ በክረምት በሰሜን ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ያችም ትንሿ ብርሃን በመስኮት መስታወት ውስጥ ስታልፍ አትጠቅምም። ጠያቂው ሐኪሙን የደም ምርመራ እንዲያዝለት ቢጠይቅ መልካም ነው።


መልስ
የሁለት ልጆች እናት፣ ዳላስ

ይቅርታ ይደረግልኝና ከሁላችሁም በጥቂቱ እለያለሁ። ታላቁ ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። አስቤዛ ለመግዛት እሱን ከወንበሩ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር አራት ጊዜ ማንሳትና ማውረድ ነበረብኝ፤ ከገበያ ስመለስ ለእኔም ለእሱም ጉልበት አይተርፈንም ነበር። ዕቃው ቤት ድረስ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ያው ጉልበት ለመናፈሻው ተረፈ፤ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኩሬው ዳር ሄደን ዳክዬ እናያለን፤ እዚያ የሚመጡ ሌሎች እናቶችንም ያወቅሁት በዚሁ ሳቢያ ነው። ስለዚህ ለእኔ ቤት ውስጥ ዘግቶብኝ የነበረው ገበያው ነው።

ወንድሜ፣ ምቾቱ ለሁለታችንም ተመሳሳይ ጊዜ ሰጥቶናል። እርስዎ ከሰልፍና ከመኪና ማቆሚያ ያተረፉት ጊዜ የት ገባ? ይህን የምጠይቅዎት ልወቅስዎት ሳይሆን መልሱ ለእርስዎም የሚጠቅምዎ ስለሚመስለኝ ነው።


የጠያቂው መልስ
መንገደኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ቅን መልሶቻችሁ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመመለስ የዘገየሁት የዳላሷን እህቴን ጥያቄ በቅጡ ለመመርመር ስለ ፈለግሁ ነው። ለሁለት ሳምንት ሰዓቴን በወረቀት መዘገብኩ። ያተረፍኩት ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ሥራዬ ተመልሶ ገብቷል፤ ድሮ ለመንገድ የነበረው የጠዋት ሰዓት ዛሬ ስብሰባ ሆኗል፤ የቀረው ስልኬ ላይ አልቋል። ለመናፈሻ የተረፈ አንድም ሰዓት የለም። እንግዲህ ምቾቱ ሲሰጠኝ እኔ ለአሠሪዬ እያስረከብኩት ኖሬያለሁ። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ስለ ክረምቱ የተናገረው ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባለፈው ሐምሌም እንዲሁ ነበርኩ።

እማማ፣ ምክርዎን ለእቁቡ አቀረብኩት፤ «የጀሞ እናት እንዲህ ብለዋል» ብዬ ነው ያቀረብኩት። ከአሥራ ሁለታችን ሰባቱ በደስታ ተቀበሉት። ሦስቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ ድረስ ርቀው ስለ ገቡ ቅዳሜ ማታ በዚያ መንገድ መጨናነቅ መምጣቱ እንደሚከብዳቸው በግልጽ ነገሩን፤ የተናገሩት ሐቅ ስለ ሆነ ተከራክረን ልናሸንፋቸው አልቻልንም፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሊመጡ ተስማሙ። ሁለቱ እስከ አሁን መልእክቱን አንብበው ዝም ብለዋል። ቅጣቱን በተመለከተ ዳኛችን «ዕጣ መከልከል ይከብዳል፤ ያልመጣ ሰው የሚቀጥለውን ወር ቡናና ዳቦ ይቻል» ብሎ አለዘበው። በእርስዎ እድር ፊት ይህ ቅጣት ሊያስቅ እንደሚችል አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ የፊታችን ቅዳሜ እኔ ቤት ነው። ጎረቤቴንም በሩን አንኳኩቼ ጠራሁት፤ ሰበቡ የባትሪው ውለታ ሆነልኝ። የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ ቡና ማታ እንደማይጠጣ፣ ለጨዋታው ግን እንደሚመጣ ነገረኝ። ትናንት ማታ ረከቦቱን ከመደርደሪያው ጫፍ አውርጄ ሳጥበው ከሲኒዎቹ አራቱ ጎድለውብኝ አገኘሁ። ስልኬን አንስቼ ፈልጌ ነበር፤ እንዲያውም በማግስቱ ሊያደርሱልኝ የሚችሉ ሻጮች አግኝቼ ነበር። ከዚያ ተውኩትና ቅዳሜ ጠዋት እንጀራውንም ሲኒውንም ከጆርጂያ አቬኑ ራሴ ልገዛ ወሰንኩ፤ ሱቋ አሁንም እዚያው መኖሯን ግን ገና አላረጋገጥኩም።