የ1812ቱ ጦርነት ምን ነበር? ለዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዜግነት ፈተናዬ ደርሷል። አሜሪካ በ1800ዎቹ ካካሄደቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀሱ የሚል ጥያቄ አለ። «የ1812ቱ ጦርነት» ብዬ ሸምድጄዋለሁ፤ ግን ምንም አልገባኝም። ከእንግሊዝ ነጻ ወጥተው የለም እንዴ? እንደገና ለምን ተዋጉ? ምንስ አገኙበት?

ባለታክሲው፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህን ታሪክ በየመንገዱ ስለማገኘው እወደዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።

ዋናው ምክንያት አፈሳ ነው። እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ስትዋጋ መርከበኛ አጠራት። የአሜሪካን መርከብ ባሕር ላይ እያስቆመች «አንተ የእኛ ሰው ነህ» እያለች በሺዎች የሚቆጠሩ ወስዳለች። በ1807 ቨርጂኒያ አጠገብ ቼሳፒክ በምትባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተኩሰው 3 ሰው ገደሉ፣ 4 ወሰዱ። አፈሳን እኔም አውቀዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ነው የታፈሰው። እናቴ ምጣድ ላይ ነበረች፤ የጋገረችው እንጀራ ሳይወጣ አረረ። ስለዚህ የእነዚያ መርከበኞች ቤተሰብ ምን እንደተሰማው ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም።

ንግድም ነበረበት። እንግሊዝ የአሜሪካ መርከቦች ከፈረንሳይ ጋር እንዳይነግዱ ከልክላ ነበር። መሬትም ነበረበት። እንደ ኬንታኪው ሄንሪ ክሌይ ያሉ ወጣት የምክር ቤት አባላት የእንግሊዝ ግዛት የነበረችውን ካናዳን እንያዝ ይሉ ነበር፤ ተከምሴ የሚመራቸውን ነባር ሕዝቦች የምታስታጥቀው እንግሊዝ ናት ብለውም ይከሱ ነበር። ምክር ቤቱ በ79 ለ49 ድምፅ ወሰነ፤ ፕሬዚዳንት ማዲሰን ሰኔ 18 ቀን 1812 ፈረመ። የሚያንገበግበኝ፣ እንግሊዝ የንግድ ክልከላውን በ5ኛው ቀን ማንሳቷ ነው። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ሳምንታት ፈጀ፤ ጦርነቱ ደግሞ ተጀምሯል።

ነሐሴ 24 ቀን 1814 ዲሲ አጠገብ ብላደንስበርግ ላይ የአሜሪካ ጦር ተሸነፈ። ከአንቺ ሰፈር ሩቅ አይደለም። እንግሊዞቹ ማምሻውን ዲሲ ገቡ። በፕሬዚዳንቱ ቤት የእራት ገበታ ተዘርግቶ ነበር። በሉና ቤቱን አቃጠሉት። ምክር ቤቱም ከነመጻሕፍቱ ነደደ። የማዲሰን ባለቤት ዶሊ ግን የጆርጅ ዋሽንግተንን ትልቅ ሥዕል ቀድማ አስወጥታለች፤ ዛሬም ዋይት ሐውስ ውስጥ ተሰቅሏል።

የሰላም ውሉ በታኅሣሥ 24 ቀን 1814 ጌንት በምትባል የአውሮፓ ከተማ ሲፈረም ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ ተባለ። ስለ አፈሳው አንድ ቃል የለበትም! የናፖሊዮን ጦርነት ጋብ ስላለ አፈሳው በራሱ ጊዜ ቀርቶ ነበር።

ቶሮንቶ ነኝ፦
ጋሼ ባለታክሲ፣ የእኛን ወገን ዘለሉት። ዲሲ ከመቃጠሏ በፊት፣ በ1813፣ አሜሪካኖች ዮርክን አቃጥለዋል፤ ዮርክ የዛሬዋ ቶሮንቶ ናት። ምሽጉ አሁንም መሀል ከተማ አለ። እዚህ ጦርነቱ የሚነገረው ወራሪ እንደመለስንበት ነው።

ከሁሉም የከፋው የደረሰው ግን በነባሮቹ ሕዝቦች ላይ ነው። ተከምሴ በ1813 ተገደለ። በደቡብ ክሪክ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ተነጠቁ። ብዙዎቹ ነባር ሕዝቦች የእንግሊዝ አጋሮች ነበሩ፤ በሰላሙ ጊዜ ግን ትታቸው ሄደች።

አንባቢ፦
ሁለታችሁም ያልነካችሁት አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የነበሩ ሰዎች በሌሊት በጀልባ ወደ እንግሊዝ መርከቦች ይሸሹ ነበር። በጠቅላላው 4,000 ያህል ሰው በዚህ መንገድ ነጻ ወጥቷል። አንዳንዶቹ የእንግሊዝን መለዮ ለብሰው ተዋግተዋል። በኋላ ኖቫ ስኮሺያና ትሪኒዳድ ሰፈሩ። አሜሪካ መልሱ ስትል እንግሊዝ ሰዎቹን አልሰጠችም፤ በ1826 ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ የደረሰው ለአሳዳሪዎቹ ነው። እኔ ይህን ጦርነት የማስበው በእነዚያ ጀልባዎች ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአፈሳው ነገር ልቤን ነካው፤ ከእንግዲህ አልረሳውም። ቅዳሜ ልጄን ይዤ የሚታይ ነገር ካለ ልሂድ ብዬ ነበር።

ባለታክሲው፦
ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሂዱ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ባልቲሞር በእንግሊዝ መርከቦች 25 ሰዓት ያህል ስትደበደብ አድራ ንጋት ላይ የተሰቀለው ባንዲራ እዚያ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩ የተጻፈው ስለ እሱ ነው። ጨርቁ እንዳይጎዳ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ኮከቦቹን ልጅሽ ትቁጠራቸው። 15 ነበሩ፤ አንዱ ተቆርጦ ጠፍቷል።