ከቦይለር ቤት ተነስቶ ቦርድ ላይ መቀመጥ ይቻላል?

ቦይለር ቤት (ጠያቂ)
ሰላም የወሎ ልጆች። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና መሐንዲስ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን በታዳሽ ኃይል ሥራ አድጋ አሁን የድርጅቶች ቦርድ ላይ የምትቀመጥ የአንዲት ሴት የሥራ ታሪክ አነበብኩና እንቅልፍ ነሳኝ። መጀመሪያ መሐንዲስ፣ ከዚያ ፕሮጀክት መሪ፣ ከዚያ ኃላፊ፣ አሁን ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስባ ትወስናለች። እኔ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለር ሥር ቫልቭ እቀይራለሁ። ማስተርስ ልማር? አዲስ አበባ ልግባ? እውነቱን ንገሩኝ እስቲ፣ ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ወንበር ይደርሳል?

የሀረጎ ልጅ
ቦርድ ማለት ሹመት ነው ወንድሜ። የሚሾም ሰው እወቅ፣ ሌላው ወሬ ነው። ማስተርሱን ግን ተማር፣ ቢያንስ ደሞዝ ይጨምራል ሃሃ።

ጦሳ ሥር
አብሽር፣ ይሄን ልጅ አትስማው። የመንግሥት ድርጅት ከሆነ አዎ፣ ሹመት ነው። አክሲዮን ማኅበር ግን ቦርዱን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አክሲዮን ከሌለህ የቦርድ አባል አትሆንም ነበር፤ አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ግን ባለአክሲዮን ላልሆነ ሰውም በር ከፍቷል። እኔ እዚህ ደሴ የአንዲት ቁጠባና ብድር ማኅበር ቦርድ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ትንሽ ናት ብለህ አትናቅ። የመጀመሪያ ቀን የሂሳብ ሪፖርቱ ሲዘረጋ ምንም አልገባኝም፣ ሻይ ስጠጣ ዋልኩ። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ማን ይፈርማል፣ ቢከስርስ፤ ጥያቄው ሁሉ ይሄ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳብ ማንበብ ልመድ።

ጡረተኛዋ
ልጄ፣ እኔ በኤሌክትሪክ ሥራ አርጅቻለሁ። ኢንጂነር አዜብ አስናቀን ተመልከት፤ መጀመሪያ 1,870 ሜጋ ዋት ያለውን የግልገል ጊቤ 3 ፕሮጀክት መሩ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት በኋላ ነው። ደግሞ ንፁህ ኃይል ሲባል የፀሐይ ሰሌዳ ብቻ አይምሰልህ። ከመስመር የምትስቡት መብራት አብዛኛው ከውኃ የመጣ ነው፣ እሱ ድሮም ንፁህ ነው። ጭሱ የሚወጣው ቦይለራችሁ ከሚያነደው ነዳጅ ነው፤ አንተ ደግሞ አጠገቡ ነህ! እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ውኃ ሲሆን ወዴት ይሄዳል? ወደ ቦይለሩ ታንከር ይመለሳል ወይስ ቦይ ውስጥ ይፈሳል? ከፈሰሰ በነዳጅ ያሞቃችሁትን ነው የምትደፉት። ሄደህ እየው።

ቦይለር ቤት
እትዬ፣ እግዜር ይስጥዎ። ዛሬ አየሁት። ከማቅለሚያው ጀርባ ያለው ቱቦ ቀጥታ ቦይ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት በጆግ እየቀዳ እግሩን ይታጠብበታል። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል አልፌያለሁ፣ ሰላም ብዬው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኜ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፣ በአራት ደቂቃ ሞላ።

ጡረተኛዋ
በሰዓት 300 ሊትር ማለት ነው። እስከ ሰኞ ወደ ነዳጅ፣ ነዳጁን ወደ ብር ቀይረህ በአንድ ገጽ ጻፈው። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትገባ ስለ ሊትር እንዳታወራ፣ ብሩን ብቻ።

የሀረጎ ልጅ
ዘበኛውስ በምን ይታጠብ?